ጋውኑ ላይ ያለው አቧራ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም።

ሰዓቱ ሁሌም ያው ነበር... ከምሽቱ አስራ ሁለት። ባለቤቴ ከሥራ የሚገባበት ሰዓት።

ቦታው የራሴ ቤት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት።

ባለቤቴ የመኪና ባትሪ ጠጋኝ ነበር። ያረጀ ባትሪ ይፈታል፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ ያቀልጣል፣ መልሶ ይገጥማል። ማታ ሲመጣ የሥራ ጋውኑ ከላይ እስከ ታች ግራጫ ነው።

ሴት ልጅ ነበረችን። ሦስት ዓመቷ ነበር። ድምቡሽቡሽ ያለች ስለነበረች "ድምቡሼ" ነበር የምንላት።

የአባቷን ኮቴ ደረጃው ላይ ስትሰማ የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች። ጋውኑ ላይ ጥምጥም ትላለች። ስትለቀው አመድ ላይ ያደረች ድመት ትመስላለች። እኛም እንስቅ ነበር።

አዎ... እንስቅ ነበር።

ከዚያ ሆዷን ያማት ጀመር። ምግብ እምቢ አለች። ድምቡሼ ከሳች። አንድ ቀን እጄ ላይ እንዳለች ተንቀጠቀጠች።

ሐኪሙ ደሟን ካስመረመረ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን።

"አባትየው ሥራው ምንድን ነው?"

እርሳስ ነው አለን። አቧራው። እኛ ግን ዘግይተን ነበር።

ስትቀበር አምስት ወር የሞላው ወንድም ነበራት። እሱም ሲመረመር ደሙ ውስጥ እርሳስ ተገኘ፤ ግን ትንሽ። ነርሷ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

"የኔ እህት፣ ይሄኛው ይተርፋል። አባቱ እዚያው ጋራዥ ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ ይምጣ። ጫማው ውጭ ይቅር። የሥራ ልብሱ ከልጁ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ እንዳይታጠብ። ወለሉን በመጥረጊያ አትጥረጊ፣ አቧራው ይነሳል። በእርጥብ ጨርቅ ወልውይው።"

"በአንድ ሳፋ" ስትል አንገቴን ደፋሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ሳፋ ነው ያጠብኩት።

ያለችውን ሁሉ አደረግን። ባለቤቴ ንጹህ ሆኖ ይገባል። ቤቱ ንጹህ ነው። ወደ በሩ የሚሮጥ ግን የለም።

አራት ወር እንዲህ ኖርን።

አንድ ማታ ጋውኑን እንደለበሰ መጣ።

"ውሃ ጠፍቶ ነው" አለኝ።

"እዚያው ቁም! ኮሪደሩ ላይ አውልቀው።"

በፌስታል ተቀበልኩት። ላስረው ስል... ዓይኔ ጋውኑ ታች ላይ ቀረ።

አቧራው ላይ ሁለት ትናንሽ እጆች ታትመዋል። አምስት አምስት ጣት።

ልጄ ጀርባዬ ላይ ነበር። ተኝቷል።

ባለቤቴም አይቶታል። ግን ዓይኑን ሰበረ።

በነጋታውም "ውሃ ጠፋ"። በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ቀን የጋራዡ አለቃ ጋ ደወልኩ።

"ውሃ? ኧረ ውሃማ ሞልቷል! እሱ ነው ላይታጠብ የማለ የሚመስለው።"

ማታ በሩ ላይ ጠበቅኩት።

"ለምን ትዋሸኛለህ?"

ወደ ደረጃው ዞሮ አየ። ከዚያ በሹክሹክታ...

"ታቅፈኛለች።"

"ማን?"

"ደረጃውን ስጨርስ ትመጣለች። ንጹህ ስሆን ግን... አታውቀኝም መሰለኝ። አትመጣም።"

መጮህ ነበረብኝ። "ያለንን አንድ ልጅ ልትገድል ነው?" ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እኔጋስ?"

ትክ ብሎ አየኝ። ጋውኑን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ይከብዳል። አሲድ አሲድ ይሸታል።

ቆምኩ።

አንድ ደቂቃ... ሁለት...

ጉልበቴ ላይ አንድ ነገር ተጠመጠመ። ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ አንዲት ጉንጭ መጥታ ጭኔ ላይ አረፈች።

ወደ ታች አላየሁም። ካየሁ የምትሄድ መሰለኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ተራ እየገባን ለበስነው። አዎ፣ እናት ሆኜ፣ እያወቅኩ ለበስኩት። ፍረዱብኝ።

የልጁ ቀጠሮ ደረሰ። ነርሷ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ጨምሯል" አለች። "ቤታችሁ ውስጥ ምንድን ነው የምታደርጉት?"

ልጁን አቅፌ ወጣሁ።

በዚያው ቀን ማታ ባለቤቴ ለመጨረሻ ጊዜ ለበሰው። ወደ ውስጥ ግን አልገባም። በሩን ዘጋሁና ጆሮዬን ለጠፍኩ።

"እማዬ... በቃ ልቀቂኝ። ወንድምሽ ይታመማል።"

ጆሮዬን ይበልጥ አጥብቄ ለጠፍኩ።

"አይ... አልተቆጣሁም። ማን ይቆጣሻል? ልቀቂኝ፣ የኔ እናት... ልቀቂኝ።"

ብዙ ቆየ። በሩን ስከፍትለት ጋውኑ ፌስታል ውስጥ ታስሯል። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ያለቅሳል።

ሥራውን ተወ። አሁን የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው።

ቤቱን ጥግ ጥጉን ሳይቀር ሦስት ቀን ወለወልነው። የልጁም ደም በየቀጠሮው እየተሻሻለ መጣ። ነርሷ "ጎበዞች!" ብላናለች። ይኸው ዓመት ሆነው። እርሳስ የሚነካ ሰው ቤታችን ድርሽ ብሎ አያውቅም።

ግን ጠዋት ጠዋት በሬን ስከፍት፣ ከደጃፉ ውጭ፣ ስስ ግራጫ አቧራ አገኛለሁ። አንዲት ትንሽ ልጅ ብትቀመጥ የምትይዘውን ቦታ ያህል።

ለባለቤቴ አልነገርኩትም። በእርጥብ ጨርቅ እወለውለዋለሁ። ቀስ ብዬ... ፊቷን እንደማጥባት።

ዛሬ ጠዋት አቧራው ከደጃፉ ውስጥ ነበር።

ልጄ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ይስቃል።

ጨርቁን አርጥቤ ተንበረከክሁ። እጄን ስዘረጋ ልጄ ክንዴን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ። ራሱን ነቀነቀ... እምቢ።

በአንድ እጁ ብቻ ነበር የያዘኝ።

ሌላኛው እጁ ባዶው ቦታ ላይ ተዘርግቷል... የሰው እጅ እንደጨበጠ።