ከሕንፃው ታሪክ የጎደለው ገጽ

አቶ ሐብተማርያም በኢስትሊ ሰፈር በተከራዩት ክፍል ውስጥ፣ በወንበራቸውና በብረት አልጋቸው መካከል በጀርባቸው ተዘርረው ተገኙ። የናይሮቢ ፖሊስ «ተደናቅፈው ወድቀው ነው» ብሎ ሊሄድ ሲል፣ የኢትዮጵያውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በአገር ቤት የወንጀል መርማሪ የነበረችውን ሠርክን ከካሳራኒ ሰፈር አስጠሯት። ጊዜው 1987 ዓ.ም. ነበር።

ሠርክ የሟቹን ማጅራት አየች፤ ደም የነካውን የአልጋ ጠርዝ አየች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወደተቀመጠው የታይፕ ጽሑፍ ዞረች። ሟቹ በወጣትነታቸው የዕቃ ቤት ሠራተኛ ሆነው ያገለገሉበትን፣ ቆዳና ጨው ይነገድበት የነበረውን የጎንደር አሮጌ ሕንፃ ታሪክ ነበር የሚጽፉት። ገጾቹን ቆጠረች። ከመጨረሻው በፊት ያለው መቶ ዐሥራ ሁለተኛው የለም።

«ታይፕ ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እህት ሠርክ» አለ ጎረቤታቸው ሚልኬሳ። «የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ትናንት ቀትር ላይ ነው የጨረስነው። ሠላሳ ዓመት ለማንም ያልተናገሩትን ነው ያጻፉኝ። የካርቦን ቅጂው ቤቴ አለ።»

አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ሩሐማ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «አንክል ሁሌ ስለዚያ ቢልዲንግ ያወሩ ነበር። እኔ ግን አማርኛ ማንበብ አልችልም፣ እትዬ። እዚህ ነው ያደግሁት።»

ሦስተኛው ሰው የጎንደሩ ሕንፃ ባለቤት ልጅ ባንታየሁ ነበር። የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ለለቅሶ ከላቪንግተን ሰፈር መጥቷል።

«ከጋሼ ጋር ከተያየን ወር አልፎናል» አለ።

«ስለሚጽፉት ነገር ያውቃሉ?»

«የሕንፃው ዘበኛ በር ተቆልፎበት ተቃጠለ ብለው መጻፋቸው ሐሰት ነው። ሕንፃውን አቃጥሎ የጠፋው እሱ ራሱ ነው፤ ከተማው በሙሉ ያውቃል።»

ሠርክ ቅጂውን አስመጥታ አነበበችና ሦስቱንም በክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ።

«የተደናቀፈ ሰው ወደ ፊት ይደፋል» አለች። «ጋሼ ግን የኋሊት ነው የወደቁት፤ ፊት ለፊታቸው የቆመ ሰው ገፍቷቸዋል። ያ ሰው ከዚህ ሁሉ ገጽ አንዱን ለይቶ ወስዷል። ሩሐማ ማንበብ አትችልም። ሚልኬሳ ገጹን ማጥፋት ቢፈልግ ቅጂውን አይሰጠኝም ነበር። አቶ ባንታየሁ፣ ስለ ተቆለፈው በር የተጻፈው ትናንት ነው። ወር ሙሉ ካልተያያችሁ የት አነበቡት?»

ባንታየሁ የአልጋውን ጠርዝ አየ።

«የቆለፍኩት እኔ ነኝ። ዐሥር ዓመቴ ነበር፤ አባቴ ቆልፍ አለኝ። ትናንት ገጹን ሲያሳዩኝ ስሜን አየሁ። ያጥፉልኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉኝ። ገፋኋቸው እንጂ ልገድላቸው አላሰብኩም።»

«ቀጣዩን ገጽ አላነበቡም» አለች ሠርክ፣ ከጠረጴዛው እያነሣች። «‹ልጁ ከሕንፃው ውስጥ ሰው እንዳለ አያውቅም ነበር። የሚያውቁት እሳቱን የለኮሱት አባቱ ነበሩ፤ እኔም አይቼ ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ልጁ ከዚህ ሸክም እንዲያርፍ ነው።›»

«እባክዎ ይድገሙልኝ» አለ ባንታየሁ።

ደገመችለት። ፖሊሱ አማርኛ ባይገባውም፣ እስክትጨርስ ድረስ ካቴናውን በእጁ ይዞ ጠበቀ።