ሁለተኛው ማኅተም

የሆሳዕናው አየር ወፍጮ በየማለዳው አየር ሲጎርስ የከተማው ሰው ሁሉ ጆሮው ድፍን ይልበታል፤ ምራቁን ዋጥ ያደርግና ሥራውን ይቀጥላል። ወፍጮው ከነፋስ ውስጥ ናይትሮጅን እያነጠረ ማዳበሪያ የሚያመርት ግዙፍ ማሽን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የአገሩን ገበሬ ከውጭ ማዳበሪያ ገላግሎታል፤ የዘይትና የዱቄት ፋብሪካዎቹም የሚኖሩት በእሱ ማዳበሪያ በሚበቅለው እህል ነው። ማክሰኞ ጠዋት ግን ማንም ምራቁን አልዋጠም። ወፍጮው ቆሟል።

ዋና መሐንዲሷ ምሕረት ሎምቤቦ ሆዱ ውስጥ ገብታ አየችው። ማንጠሪያ ሳህኑ፣ ማለትም ናይትሮጅኑን ከአየሩ የሚለየው ባለ ብዙ ቀዳዳ ብረት፣ ከመሃል ተሰንጥቋል። ዝናቡ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ወፍጮው እስከዚያ ካልተነሳ ገበሬው ያለ ማዳበሪያ ይዘራል፤ አገሪቱም እንደ ድሮው መርከብ ስትጠብቅ ልትከርም ነው።

ምሕረት ሥራውን ከያዘች ገና ሦስት ወሯ ቢሆንም ዕቃ ከተሰበረ አምራቹ ይጠየቅ የሚለውን ደንብ አብጠርጥራ ታውቃለች። ብረት ዘልቆ የሚያየውን መርማሪ መነጽሯን አጥልቃ ወፍጮውን ለሠራው የውጭ ኩባንያ ደወለች። የኩባንያው ተወካይ በብርሃን ተሥሎ ፊቷ ቆመ። አስተርጓሚ መሣሪያው አማርኛውን ከየትኛው አሮጌ መጽሐፍ እንደተማረው እንጃ።

«ክብርት መሐንዲስ ሆይ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ» አለ። በመነጽሯ በኩል ወፍጮውን ከላይ እስከ ታች መረመረና ግንባሩን ቋጠረ። «ይህ ማሽን የእኛ አይደለም።»

«እንዴት? እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ማኅተማችሁ አለ እኮ!»

«ማኅተሙ የእኛን ይመስላል። ብረቱ ግን የማናውቀው ቅልቅል ነው። የእኛ ሆኖ የቀረው የውጭው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ደግሞም ይህን ወፍጮ መሥራት ካቆምን አሥራ አምስት ዓመት ሆነን፤ መለዋወጫ የለንም።»

የምሕረት ደም ፈላ። የሳህኑን ስባሪ ይዛ ጥገና ክፍል ገባችና የክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ኤርሲዶ ፊት ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ጋሼ፣ ይሄን ማነው የሠራው?»

ሽማግሌው ሞረዳቸውን አስቀምጠው ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። ከዚያ ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ «እኛ ነና!» አሉ።

«ሌላውንስ?»

«ሌላውንም። መጀመሪያ አንዱ ዕቃ ሲሰበር ከውጭ እስኪመጣ ስድስት ወር ጠብቁ ተባልን። እኛ በሦስት ቀን ሠራነው። ግን ያኔ የነበረው አለቃ የአገር ውስጥ ዕቃ ነው ካልነው አያስነካንም ነበር። ማኅተማቸውን አስመስዬ ቀረጽኩበትና መጋዘን አስገባነው። አመስግኖ አስገጠመው! ከዚያ ወዲያ ማን ይናገራል? ሆድ ይፍጀው ብለን ዕቃው በተበላሸ ቁጥር እየተካን ኖርን።»

«ታዲያ ይሄኛው ለምን ተሰነጠቀ?»

«አሥራ አራት ዓመት ሠርቶ እኮ ነው ልጄ! የእነሱ አራት ዓመት አይሞላም ነበር።» ከመደርደሪያው በጨርቅ የተጠቀለለ አዲስ ሳህን አወጡ። «ይሄው ተተኪው። ማኅተሙ ብቻ ነው የቀረው፤ ነገ ጠዋት እቀርጽበታለሁ።»

ምሕረት ሳህኑን በመነጽሯ እያንዳንዱን ቀዳዳ መረመረች። እንከን አላገኘችበትም። ሆኖም ይገጠም ለማለት ፈራች። የአየሩ ግፊት ሳህኑን ካፈነዳው የወፍጮው አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው አይተርፍም። ወዲያው አንድ ነገር ታወቃት፤ ማኅተሙ ቢኖርበት ኖሮ ሁለተኛ ሳታይ ታስገጥመው ነበር። አፈረች፣ ከልቧ አፈረች።

«ማኅተም አያስፈልገውም፣ አሁኑኑ እንግጠመው» አለች። «ሲነሳ እኔ አጠገቡ እቆማለሁ።»

«እኔስ የት ልሄድልሽ ኖሯል?» ብለው ሳቁ ጋሽ ኤርሲዶ።

ከቀትር በኋላ ወፍጮው ተነሳ። ነጩ ማዳበሪያ መውረድ ሲጀምር ሠራተኛው አጨበጨበ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሳህኑ አጠገብ ያልተነቃነቀችው ምሕረት እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ ተወካዩ የወፍጮውን መነሳት ሰምቶ በብርሃኑ ተመልሶ መጣ። ኩራቱ በርዷል።

«ክብርት መሐንዲስ ሆይ፣ በሦስት አገሮች ያሉት ወፍጮዎቻችን በሳህን እጦት ከቆሙ ዓመታት ሆኗቸዋል። ትሸጡልን ይሆን? አንድ ነገር ብቻ፤ ደንበኞቻችን እንዳይሰጉ የእኛ ማኅተም ይቀረጽበት።»

የምሕረት ሳቅ አመለጣት። ለካ ያ ትልቅ ኩባንያም የሚፈራው እሷ የፈራችውን ነው። የሰው ልጅ ነፋስን ፈጭቶ እህል እስከማብቀል ደርሶ፣ ዛሬም ከብረቱ ይልቅ ብረቱ ላይ የተጻፈውን ያምናል።

«እንሸጣለን» አለች፤ «በሠሪው ስም ከሆነ።»

«ይሁን» አለ ተወካዩ።

ጋሽ ኤርሲዶ ለመጀመሪያው ሳህን መቅረጫቸውን አነሱ። የባዕዱን ፊደል ለዓመታት ዓይናቸውን ጨፍነው ሲቀርጹ የኖሩ ሰው፣ የራሳቸው ስም ላይ ሲደርሱ መቅረጫው አዳለጣቸው። የመጀመሪያው ፊደል ጠመመ።

«ተበላሸ!» አሉ ደንግጠው። «ሌላ ልሥራ።»

ምሕረት ሳህኑን ተቀብላ ቀዳዳዎቹን በመነጽሯ አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉም ልክ ነበሩ።

«ይሂድ፣ ጋሼ» አለች።