ከኩሽና ለኩሽና የተላከው ኢሜይል

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ተነስቼ ዕቃ የማጥብ ሰው ነኝ፣ እናቴ "በቀትር ብቻሽን ወንዝ አትውረጂ፣ ይለክፍሻል" ስትለኝ ሆን ብዬ ልክ በስድስት ሰዓት የምወርድ ደረቅ ልጅ ነበርኩ፣ ደግሞም ደሴ ኮሌጅ ገብቼ ኔትወርክ ተምሬያለሁ፣ ገመዱ ካልተሰካ መብራቱ አይበራም፣ አለቀ። አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ሙቀቱ ነው ብዬ ቀዝቃዛ ውሃ እሰጠው ነበር።

የምሠራው ዓረብ አገር ነው፣ ጃብሪያ የሚባል ሰፈር፣ ባለ ሦስት ፎቅ ቪላ ውስጥ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የማዳም አባት አሉ፣ ሁላችንም ባባ ነው የምንላቸው፣ ጉሮሯቸውን ቀዶ ጥገና ከተደረጉ ወዲህ ድምፃቸው ጠፍቷል። አንድ ቀን ከአልጋ ወድቀው፣ ሰው መጥራት አቅቷቸው ስንት ሰዓት መሬት ላይ ቆይተው አገኘናቸው። ማዳም በቃ መጦሪያ ላስገባቸው ነው አለች፣ ባባም ይህን የሰሙ ዕለት ምሳቸውን ሳይነኩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አለቀሱ። ደወል ተሞክሮ ነበር፣ ግን ለሻይም ለጭንቅም እኩል እየጮኸ ማዳምን ስላማረራት ነቀለችው። ስልክ እንዳትሉኝ፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ክፍላቸው ያለውን የኮምፒውተር ትልልቅ ፊደል ነው የሚችሉት። ኢንተርኔቱን ደግሞ አጭበርባሪዎች በኢሜይል ካታለሏቸው ወዲህ ማዳም ቆርጣባቸዋለች።

ታዲያ አፌ መቼ ያርፋል፣ "ማዳም፣ ከዚህ ቤት የማይወጣ፣ ከውጭም ምንም የማይገባበት ኢሜይል እኔ እሠራለሁ" አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ሳቀች፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ሰጠችኝ፣ ካልሆነ ባባ ይሄዳሉ።

ከዕቃ ቤት አቧራ የጠጣ ኮምፒውተር አወጣሁ፣ ኩሽና ውስጥ ፍሪጁ አጠገብ አስቀምጬ ፖስታ ቤት አደረግሁት፣ ገመዱን በደረጃው ጥግ ጥግ ሳብኩት፣ ሦስት አድራሻም ከፈትኩ፤ ባባ፣ ማዳም፣ ኩሽና። ሦስት ቀን ሙሉ እምቢ አለኝ፣ ሩዝ እያበሰልኩ ስነካካው፣ ስነካካው፣ በአራተኛው ቀን "ቲን" አለ። ባባ ናቸው። "ሻይ። ስኳር አታብዢ።" እመኑኝ፣ ኩሽናው መሃል ብቻዬን እስክስታ መታሁ፣ ዲፕሎማዬን ስቀበል እንኳ እንደዚያ አልተደሰትኩም።

ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ፣ ከሰዓት ቤቱ ሁሉ ሲተኛ፣ "ቲን" ይላል፣ እጄን ጠርጌ ስከፍተው ባዶ። በማግስቱም እንደዚያው። ድምፅ ማውጫው አርጅቷል ብዬ በጥፊ ነገር መታ አደረግሁትና ተውኩት።

ሰባተኛው ቀን ደረሰ፣ ማዳም ማታ ቁርጡን ልትነግረኝ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ውጭው እሳት ነው፣ እኔ እስከ ክንዴ ውሃ ውስጥ ገብቼ ሩዝ አጥባለሁ። "ቲን።" ዞር ብዬ አየሁት፣ አሁን ባዶ አይደለም። ላኪው ኩሽና፣ ተቀባዩ ኩሽና። እዚያ ኮምፒውተር ላይ ኩሽና ማለት እኔ ነኝ፣ ከእኔ በቀር ደግሞ ሰው የለም፣ እጄም ሩዝ ውስጥ ነው። የተጻፈው በአማርኛ ነው፣ አማርኛ ያልጫንኩበት ማሽን ላይ።

"ወለተ ሥላሴ፣ ቶሎ ወደ ላይ ውጪ።"

ወለተ ሥላሴ የክርስትና ስሜ ነው። ፓስፖርቴ ላይ የለም፣ መክተቡ፣ ያስቀጠረኝ ቢሮ ማለቴ ነው፣ እሱ ጋ ባለው ወረቀት ላይ የለም፣ ቄሱ፣ እናቴና የክርስትና እናቴ ናቸው የሚያውቁት፣ ቄሱና የክርስትና እናቴ ደግሞ አርፈዋል። እግሬ እኔን ሳይጠይቅ ደረጃውን ይወጣ ነበር።

ባባ በአልጋውና በግድግዳው መሃል ተወሽቀዋል፣ ትራሱ ፊታቸው ላይ ነው፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ትራሱን አሽቀንጥሬ፣ ብብታቸው ስር ገብቼ ጎተትኳቸው፣ ማዳምን በጩኸት ቀሰቀስኳት፣ ሁለታችን አንስተን ስናስቀምጣቸው እንደ ሕፃን ስቅ ብለው ተነፈሱ።

ማዳም አቅፋኝ አለቀሰች፣ አምስት ዓመት ስሠራ እጇ ነክቶኝ አያውቅም። "አባቴ ከዚህ ቤት የትም አይሄድም፣ ያንቺ ኢሜይል አድኖታል" አለች፣ ከዚያ ለእህቶቿ ሁሉ እየደወለች ሻጥራ ናት፣ ሻጥራ ናት ትላለች፣ ጎበዝ ማለቷ ነው። ደረቴ ተነፋ፣ ምን እደብቃለሁ፣ እኔ የዘረጋሁት ገመድ ነዋ። ዛሬም ባባ እዚያው ክፍላቸው ናቸው፣ የእህቷ ቤትም ነይና ለኛም ሥሪልን ብሎኛል።

ግን የባባ ኮምፒውተር ያን ዕለት ጠረጴዛው ላይ ተከድኖ ነበር። ትንሽ ሲሻላቸው እሳቸውም ጻፉልኝ፤ "እጄ ከሥሬ ተጣብቆ ነበር፣ ምንም አልላክሁም። ማን ነገረሽ?" የተላኩትን መልእክቶች መዝገብ አገላበጥኩ፣ ከኩሽናው ኮምፒውተር ወጣ ይላል፣ ሌላ የለም። ለእናቴ ደውዬ ስሜን ለማን ነው የነገርሽው ስላት ማሽኑን ጸበል እርጪው አለችኝ። ሳቅኩባት፣ ኮምፒውተር ጸበል ይወዳል እንዴ።

ለማዳም አልነገርኳትም፣ ድሌን ለማን ልስጥ? አንድ ከሰዓት ግን አላስችል ብሎኝ ለዚያች መልእክት "ማን ልበል?" ብዬ መለስኩላት። ለኩሽና የላክሁት እዚያው ለኔ መምጣት አለበት፣ መቶ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ ዓይን ሳይርገበገብ ነው የሚመጣው። ይኼኛው አልመጣም። ያልደረሰ መልእክት ለላኪው እንዲመለስ አድርጌ ያስተካከልኩትም በገዛ እጄ ነው፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ደርሷል ማለት ነው።