ሁሉንም አንቃ

ፈጠራ ነው ብትሉኝ አልቀየማችሁም። ግን በእኔ ላይ የደረሰ ነው... ደግሞስ ውሸት ለመፈብረክ ጉልበቱን ከየት ላምጣ?

ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ነበር። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግታለች። ሰው የሚፈራበት ሰዓት አይደለም።

የአንድ ትንሽ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ሠራተኛ ነበርኩ። ስለማንቀላፋ «እንቅልፌ» ይሉኛል። ስሙን ያወጡልኝ ጸሐፊያችን ናቸው። እሳቸውን ደግሞ እትዬ ቀስ እንላቸዋለን፤ «ቀስ በሉ ልጆቼ፣ ደክሞኛል» ማለት ያበዙ ነበር።

እረፍት ጠየቁ፣ ተከለከሉ። ባለፈው ዓመት አረፉ።

ኮምፒውተራቸውን ፈትቼ ባዶ ቀፎውን ጓዳ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

የምንጽፍባቸው ፕሮግራሞች ፈቃድ የሚታደለው ሰርቨር ከሚባለው ዋና ኮምፒውተር ነው፤ ለሁሉም በጅምላ። ግን አመል አለው። አምስት ማሽን ካልጠየቀው ለአንዱም አይሰጥም። ፈቃድ ያገኘውን ማሽን «ነቃ» እንለዋለን። እኛ ደግሞ ሠራተኛ ተቀንሶ የቀረን አራት ማሽን ነው። እኔ ሰርቨሩ ላይ ስለምሠራ አልቆጠርም። አንድ ጨምሩልኝ ብል ሰሚ አጣሁ።

የዚያን ቀን የድሮው ፈቃድ አለቀ። አለቃችን በሩ ላይ ቆሙ።

«ዛሬ ሁሉንም አንቃ። ካልሆነ ነገ አትምጣ።»

ሠራተኞቹ እንዲገባቸው ብዬ በአማርኛ የሠራኋት ገጽ አለችኝ። የየማሽኑ ስም የባለቤቱ ቅጽል ስም ነው፤ ከጎኑ «ነቅቷል» ወይም «አልነቃም» ይላል። ከላይ የጠያቂ ማሽኖች ቁጥርና «ሁሉንም አንቃ» የሚል ቁልፍ አለ።

እንደማይሠራ እያወቅኩ ተጫንኩት።

አራት...

አምስት።

ሁሉም ነቃ። ደስ ብሎኝ ወንበሬ ላይ ተለጠጥኩ። ከዚያ ስሞቹን አነበብኩ።

እትዬ ቀስ፦ ነቅቷል።

የሒሳብ ሠራተኛዋን በእጄ ጠራኋት።

«የእሳቸውን ማሽን ማን ሰካው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«የቱን ማሽን? ፈትተኸው የለ እንዴ?»

ጓዳ ገባን። ቀፎው እንደተውኩት ነው። ሆዱ ውስጥ ከአቧራ በቀር ምንም የለም፤ ገመድም የለውም። እጇን ጫነችበትና ቶሎ አነሳች።

ሞቋል... ሰው አሁን እንደተነሳበት ወንበር።

ለአለቃችን ስነግራቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። ከሠራ ምን አገባህ፣ አትንካው አሉኝ። እኔም ሥራዬን ፈርቼ ተውኩት።

በሳምንቱ በየደብዳቤው ግርጌ አንዲት ቃል መታየት ጀመረች። ብናጠፋት ትመለሳለች።

ደክሞኛል።

አንጀቴን በሉት። ሴትዮዋን ሞተው እንኳ አላሳረፍናቸውም። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«በቃ እትዬ፣ ይረፉ» ብዬ ስማቸውን ሰረዝኩ።

ቁጥሩ ወደ አራት ወረደ፤ ሁሉም ማሽን መጻፍ አቆመ። አለቃችንም እንዳሉት አደረጉ። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ቀለል ብሎኝ ነበር።

በማግሥቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት።

«አንተ፣ ተመልሰህ ገባህ እንዴ?»

«ምን እገባለሁ? ቤቴ ተኝቻለሁ።»



«ሁሉም ይሠራል እኮ። አምስት ሞልቷል።»

«አምስተኛው ማነው?»

ያችን ገጽ ከፈተች። ስታነብልኝ ድምፅዋ ተቆራረጠ።

«እንቅልፌ... ነቅቷል... ይላል።»

በዚያ ስም ማሽን ኖሮኝ አያውቅም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ግን እኔን የሚያስፈራኝ እሱ አይደለም። ያን ጊዜ ስልኩን ዘግቼ ቁልቁል ሳይ፣ ጣቶቼ ብርድ ልብሱ ላይ ይተይቡ ነበር...

ቀስ እያሉ።