የአማካሪ ሃርግሬቭ እጅ ጽሑፍ

«ዓሣው የዛሬ ነው?»

«የትናንት ነው፤ ግን ጨው ጠጥቷል።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነበር። ታምዚን ቅርጫቷን አስቀመጠች። ዓሣ ሻጩ በሚስጥር ስሙ «ቀዛፊው» ይባላል። እሷ «መርፌ»።

«ሽማግሌው ሃርግሬቭ ኮቱ ውስጥ ደብዳቤ ይዟል» አላት ዓሣውን እየጠቀለለ። «የኛን ሰዎች ስም ለንጉሡ መርከብ ሊሰጥ ነው። እስከ ቀትር አምጪልኝ።»

«ቢይዘኝስ?»

«አምስት ወር ልብስ የሰፋሽበት ቤት አይደል? ምን ያርበተብትሻል?»

ቅኝ ግዛቶቹ በእንግሊዙ ንጉሥ ላይ ከተነሡ ስድስት ወራቸው ነው። የእንግሊዝ የጦር መርከብ ፐርዝ አምቦይ ወደብ ላይ ቆሟል። የኒው ጀርሲው አማካሪ ኦባዲያ ሃርግሬቭ የንጉሡ ሰው ነው። አንድ ልጁ ሳይለስ ከአመፀኞቹ ጋር ሲቀላቀል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ በሰው ፊት «ልጅ የለኝም» ብሎ ካደው። ሚስቱ ሜሂታብል ከዚያ ወዲህ አብራው ማዕድ ቀርባ አታውቅም። ታምዚን ይህን ሁሉ አይታለች። እዚያ ቤት የምትታወቀው ወይዘሮ ፔክ በሚል ስም ነው፤ ልብስ ሰፊ። ሰውየውን ከልቧ ጠልታዋለች።

የኮቱን ገበር ልጠግን ብላ ወሰደችው። ደብዳቤው እዚያው ነበር። ማኅተሙን በጋለ መርፌ ፈልቅቃ አነበበች።

«ልጄ ሳይለስ፤ ከክራንበሪው ወፍጮ ዛሬውኑ ውጣ። ወታደሮች ነገ ይመጡባችኋል። የሸጣችሁ ወደቡ ላይ ዓሣ የሚሸጠው ነው።»

ወደቡ ላይ ዓሣ የሚሸጠው የላካት ቀዛፊው ነው።

በሩ ተከፈተ።

ሃርግሬቭ ነበር። ደብዳቤውን አየ። በሩን ከኋላው ዘጋ።

«የማን ነሽ?»

መቀሷን ጨበጠች። «የልጅዎ ወገን ነኝ፣ ጌታዬ። የላከኝ ግን ዓሣ ሻጩ ነው።»

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። «ትናንት መርከቡ ላይ ከሻለቃው ጋር ሲሳሳቅ አየሁት። እሱም አይቶኛል ማለት ነው።»

«ባዶ እጄን ከሄድኩ ወታደሮቹን ዛሬውኑ ያዘምታል።»

ሃርግሬቭ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። ከዚያ ወረቀት ሳበና የሐሰት ደብዳቤ ጻፈ፦ ልጄ፣ ወፍጮውን ትተህ ዉድብሪጅ ባለው ጎተራ ጠብቀኝ።

«በራስዎ እጅ?» አለች ታምዚን። «ጎተራው ባዶ ሲሆን እኮ እርስዎ ላይ ነው የሚመጡት።»

«ዓሣ ሻጩ የኔን ጽሑፍ ያውቀዋል። ሌላ አያምንም።» አጥፎ ሰጣት። «ለሜሂታብል እንዳትነግሪ። የማታውቀውን ቢመረምሯትም አታወጣም።»

ወደቡ ላይ ቀዛፊው አድራሻውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ጣቱ ጠቆረ።

«ቀለሙ አልደረቀም።»

ታምዚን ቅርጫቷን አነሣች።

«የመጀመሪያውን ቀዶ እንደገና ጻፈው» አለች። «ምን ላድርግልህ? ፀሐይ ላይ አስጥቼው ላምጣ?»

ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ሳቀ። «ምላስሽስ ከመቀስሽ ይብሳል።»

የተዋሰችው ፈረስ ወፍጮው ደጅ ሲደርስ አረፋ ደፍቆ ነበር። ሳይለስ ትክክለኛውን ደብዳቤ ሁለቴ አነበበ።

«በሰው ፊት የካደኝ ሰውዬ ነው ይህን የጻፈው?»

«ባይክድህ ኖሮ ማን አምኖ መርከቡ ላይ ያስወጣው ነበር? አሁንም አንተን ለማዳን በእጁ በጻፈው የሐሰት ደብዳቤ ነገ ይታሰራል።»

«እሄዳለሁ። አስመልጠዋለሁ።»

«ከሄድክ ልፋቱን ሜዳ ላይ አፈሰስከው።»

አለቀሰ። ግን ሰዎቹን ይዞ ወደ ጫካው ወጣ። አሥራ ዘጠኝ ነበሩ።

በማግስቱ ወታደሮቹ ዉድብሪጅ ላይ ገለባ ብቻ አገኙ። ቀዛፊው ሊያመልጥ ሲል የሳይለስ ጓዶች መንገድ ላይ ጠብቀው ያዙት። ሃርግሬቭን ግን ወታደሮቹ ከቤቱ በሰንሰለት አወጡት። ዘወር ብሎ መስኮቱን አየ። መጋረጃው አልተነቃነቀም።

«ዕድሜውን ሙሉ የንጉሡን ጫማ ሲስም ኖረ» አለች ሜሂታብል ከመጋረጃው ጀርባ። «ንጉሡ ራሱ አሰረው። እሰይ! ልጄን የካደ ይበለው!»

ታምዚን አፏን ከፈተች። ወታደሮቹ ገና ደረጃው ላይ ነበሩ። መልሳ ዘጋችው።

«አዎ፣ እመቤቴ» አለች።

ታምዚን ቅዳሜ ጠዋት ወደ ማዶ የሚያሻግረው ጀልባ ጋ ተሰለፈች። ጀልባ ነጂው መዝገቡ ላይ እንዳቀረቀረ ጠየቃት።

«ስም?»

«ሩት አልደን» አለች፤ አዲሱ ስሟ ነው።

«ሥራ?»

«ልብስ ሰፊ።»

«ግቢ።»

ገብታ ከሁለት መነኩሲት መሳይ አሮጊቶች መሐል ተቀመጠች። ከመርከቡ ጎን ሲያልፉ አሮጊቶቹ እዚያ ስለታሰረው ከሃዲ አባት ያወሩ ነበር። ሻርቧን ወደ ፊቷ ሳበች፤ እስከ ማዶ ቀና አላለችም።