የኮሳይ ጠባሿ ስም

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ! ፀጉሩ እውነት ከጠበሰችው ኮሳይ ውስጥ ነው የወጣው ወይስ ሰውየው ራሱ ጨምሮት ነው?» አለች ላሚ መርፌዋን እንደ ጣት ቀስራ።

ሩማና ጣቷን ገጹ መሀል እንዳደረገች መጽሐፉን ከደነችው። «ላሚ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ብትታገሺኝ እኮ መጽሐፉ ራሱ ይነግርሻል።»

«መጽሐፉ ይንቀረፈፋላ!»

«የሚንቀረፈፈው ባንቺ ነው!»

ጎጎ ዴሉ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። የሩማና አባት እህት ናቸው። ከሰዓት በኋላ እሳቸውና ጎረቤቷ ላሚ እየመጡ፣ ከሩማና እናት ጋር ግቢው ውስጥ ኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የወንድ ኮፍያ ይጠልፋሉ። ካኖ ከተማ ውስጥ ኮፍያ የሚጠልፍ እጅ አይቦዝንም፤ ጆሮ ግን ይቦዝናል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት የተመለሰች ልጅ ትያዝና ታነባለች። ያውም ተጋድማ፣ ኦቾሎኒዋን እየቆረጠመች፣ ለብቻዋ ልታጣጥመው የሚገባትን የፍቅር መጽሐፍ! ጮክ ብላ! በየመስመሩ እየተመረመረች!

ለነገሩ ጥፋቱ የራሷ ነው። መጽሐፉን ከክፍል ጓደኛዋ ተውሳ ያመጣችው ለተንኮል ነበር። የመጽሐፉ ባለታሪክ ስሟ ሩማና ነው።

የሩማና እናት የልጇን ስም ጠርታ አታውቅም። የሰፈሩ እናቶች ሁሉ የበኩር ልጃቸውን ስም አይጠሩም፤ ነውር ነው፣ ያሳፍራል። እናቷን ራሷን ሰው የሚጠራት በሩማና ታናሽ ወንድም ስም «የሳኒ እናት» እያለ ነው። ሩማና ደግሞ «አንቺ» ናት። አንዳንዴ «ያቺ ልጅ»። ሲብስ «እዚያ ማዶ ያለሽው»። ወጉን አሳምራ ታውቀዋለች፤ ቢሆንም ዕድሜዋን ሙሉ «አንቺ» መባል አንገሽግሿታል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አምልጧትም ቢሆን፣ ስሟን ከእናቷ አፍ መስማት ፈለገች። ደግሞስ የባለታሪኳን ስም ሳይጠሩ ስለ መጽሐፍ ማውራት እንዴት ይቻላል?

ይቻላል። እናቷ ችላዋለች።

«እኔን ያቺ ምላሰኛ አሳዘነችኝ» ትላለች። ወይም «የኮሳይዋ ልጅ ጎበዝ ናት» ትላለች።

«እማ፣ ስም እኮ አላት።»

«አውቃለሁ። አንብቢ።»

ሩማና ጥርሷን ነክሳ አነበበች። የመጽሐፏ ሩማና ባቄላ ፈጭታ በዘይት ኮሳይ እየጠበሰች የምትሸጠው ከአንድ ስልክ ጠጋኝ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ካቢሩ የሚባለው ጠጋኝ «ፀጉር አገኘሁበት» ብሎ ሌላ ኮሳይ በነጻ ይጠይቃታል፤ ፀጉሩ ግን የገዛ ጢሙ ነው። በማግስቱም ጢሙን ይዞ ይመጣል። ላሚ በሳቅ ብዛት ጣቷን ወጋች። ቀጥሎ የልጅቷ ቀልድ ከየት እንደመጣ ታወቀ። ከካቢሩ በፊት ያጫት ሰው የሠርጉ መጥሪያ ታትሞ ካለቀ በኋላ ጥሏት ሄዷል፤ የመጀመሪያ ኮሳይዋን የጠበሰችው ያንን የመጥሪያ ክምር እሳት ማቀጣጠያ አድርጋ ነው።

«ጣፈጠ ግን?» አሉ ጎጎ ዴሉ።

«ጎጎ!»

«ምነው? ስለ ባቄላው ነው የጠየቅሁት።»

ከዚያ የፈላው ዘይት ልጅቷ ላይ ተገለበጠ። ሆስፒታል ገባች። ካቢሩ በር ላይ ሲንሰቀሰቅ ነርሶቹ በሽተኛው እሱ መስሏቸው አልጋ ሊሰጡት ደረሱ። የልጅቷ እናት ግን አላለቀሰችም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ለእሷም በኩሯ ናት። የእሷም ምላስ ከ«አንቺ» ሌላ አያውቅም። በፋሻ የተጠቀለለውን የልጇን እጅ ያዘችና...

ሩማና ማንበቧን አቆመች። የሚቀጥለውን ቃል ዓይኗ ቀድሞ አይቶታል። መርፌዎቹም ቆሙ።

«ምን አለቻት?» አለች ላሚ።

ሩማና ድምጿን ማር አስመሰለችው። «እስቲ እማ ትገምት። እማ፣ ምን ያለቻት ይመስልሻል?»

ጎጎ ዴሉ ወዲያው ነቁ። ኮፍያውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ፈገግ አሉ። «በይ እንጂ፣ የሳኒ እናት! የመጽሐፍ ሰው ስም ምን አለበት?»

«በይ! በይ!» ላሚ አጨበጨበች።

እናቷ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳበች። ከንፈሯ ሞጠሞጠ፤ ቃሉን ሊጀምር ተሰናዳ። *መጣልኝ!* አለች ሩማና በልቧ። ከዚያ የእናቷን እጅ አየች። ክር ያለቀበትን መርፌ ኮፍያው ላይ ትሰካለች፣ ትነቅላለች። ጎጎ ዴሉ በየሠርጉና በየለቅሶው ለባል ዘመድ ሁሉ «ልጇ በመጽሐፍ አጥምዳ አፏን አስከፈተቻት!» እያሉ ሲያወሩ ታዩዋት።

«እዚህ ጋ ገጹን ዘይት ነክቶታል» አለች ሩማና ባንድ ትንፋሽ። «አይነበብም።»

ላሚ አፏን ያዘች። «የመጽሐፉ ዘይት?»

«አዎ! አይ፤ ላሚ፣ በአላህ ተይኝ!»

ጎጎ ዴሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። ደግነቱ የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ፤ ሁለቱም ጥልፋቸውን ሰብስበው ሊሰግዱ ወደየቤታቸው ሄዱ።

እናቷ ሰግዳ ስትወጣ ሩማና አሁንም ዛፉ ሥር ነበረች፤ በራሷ ተናዳ። እናቷ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ገጹን አምጪው።»

«እማ፣ እኔ እኮ...»

«አምጪው አልኩሽ። የቷ ናት?»

ሩማና ስሟ የተጻፈባትን ቃል አሳየቻት። እናቷ ቁርኣን ቀርታ እስከ መጨረሻው አኽትማለች፤ ይህን የትምህርት ቤት ፊደል ግን አታውቀውም። መርፌ ያደደረውን ጣቷን ቃሏ ላይ አሳረፈችና እንደ ቁርኣኑ ከቀኝ ወደ ግራ ቀስ ብላ ሄደችባት። ሩማና ልታርማት አሰበችና ተወችው።

«ትንሽ ናት» አለች እናቷ። «ትልቅ ነበር የመሰለችኝ።» ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። «ይቺም እሷ ናት?»

«አዎ።»

«ይቺስ?»

«አዎ፣ እማ።»

«በየቦታው አለች! ምን ዓይነት ዕረፍት የሌላት ልጅ ናት!» አለች እናቷ፤ ጣቷን ግን አላነሣችም።

«በይ አሁን፣ ማንም የለም» የሚለው ቃል የሩማና ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

በሩ ተንኳኳ። «እህ፣ ዘይቱ ደረቀ?» አሉ ጎጎ ዴሉ ገና ሳይገቡ። ላሚ ከኋላቸው ናት። እናቷ እጇን ሰብስባ ኮፍያዋን አነሣች።

ሩማና ገጹን አስተካክላ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች» ብላ አነበበች።

«ልጅቷ?» አለች ላሚ። «እስካሁን በስሟ ስትጠሪያት አልነበር እንዴ? ስሟ ጠፋ?»

«አለ» አለች ሩማና፣ ወደ እናቷ ሳትዞር። «አታቋርጪኝ።»