በዓይኔ በብረቱ

ዶክተሩ በገዛ ምርመራ ክፍላቸው፣ የዓይን መለኪያው ሰሌዳ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። ማጅራታቸውን የመታው ከባድ የጠረጴዛ መብራት ከጎናቸው ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ በእጃቸው የጻፉት ደብዳቤ አለ። «ከነገ ጀምሮ እዚህ ክሊኒክ እንዳላይ» ይልና ወረቀቱ እዚያ ላይ ተቀዷል።

መርማሪዋ ደብዳቤውን ሁለቴ አንብባ ወደ መጠበቂያው ክፍል ወጣች። ሦስት ሰዎች ዓይንና ናጫ ሆነው ተቀምጠዋል፦ ሃያ ዓመት ከሟቹ ጋር የሠሩት አዛውንት ነርስ፣ ምድር ቤት መነጽር የሚሸጠው የሟቹ ታናሽ ወንድምና አንድ ዓይኑ ላይ ነጭ የጣለበት ሕፃን የታቀፈች እናት።

«ምን ጥያቄ ያስፈልጋል?» አለ ወንድምየው፣ የመስኮቱን ብርሃን በአንድ መዳፉ እየከለለ፣ በሌላው ወደ ነርሷ እየጠቆመ። «ገዳይዋ ይቻት! ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስገባ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አነበብኩት። ‹እንዳላይሽ› ነው የሚለው። አባሯት ነበር። እኔ ስወጣ ሲስተር ገባች። እየሮጠች ስትወጣም በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

«አንተ ዓይን አውጣ!» አሉ ሲስተር።

«ዓይኔማ ብረት ነው። መነጽር እሸጣለሁ እንጂ አድርጌ አላውቅም!»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ካቴናውን አወጣ። ወደ ሲስተር ተራመደ።

«ቆይ» አለችው መርማሪዋ፤ ወደ እናትየው ዞረች። «አንቺስ?»

«እኔማ ለጸብ ነው የመጣሁት፣ አልክድም። ግን ስደርስ ጩኸቱ ቀድሞኛል፤ የበሩን ዘበኛ ጠይቂ። የልጄ ብሌን ነጭ ሲሆንብኝ ይሄ ሰውዬ ‹ሲያድግ ይለቀዋል› እያለ ሦስት ጊዜ መነጽር ሸጦልኛል። ትናንት ዶክተር ሲያዩት አለቀሱ።»

«ሞራ ነው» አሉ ሲስተር። «አዋቂ ቢዘገይም ሞራው ሲገፈፍ ያያል። ሕፃን ግን ከዘገየ አንጎሉ በዚያ ዓይን ማየት ሳይለምድ ይቀራል።»

«ጥንቆላ!» አለ ወንድምየው።

«ሲስተር፣ ዛሬ ጠዋት የዓይን ጠብታ የጨመሩት ለማን ነው?» አለች መርማሪዋ፣ የወንድምየውን ብሌን እያየች።

«ለእሱ፤ ሦስት ሰዓት ላይ። ስኳር አለበት። ዶክተር ቢቆጡትም የዓይኑን ውስጥ ሳያዩለት አይቀሩም ነበር።»

«ዶክተር እርስዎን ‹አንቺ› ይሉ ነበር?»

ሲስተር ግራ ገባቸው። «በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ‹እርስዎ› እንዳሉኝ ነው።»

መርማሪዋ ከሲስተር የመድኃኒት ትሪ ላይ የጠብታውን ብልቃጥ አንስታ ለወንድምየው ሰጠችው። «እስቲ ጽሑፉን ያንብቡልኝ።»

አስጠጋው፤ አራቀው። «ፊደሉ ደቃቃ ነው።»

«ይኼስ?» ደብዳቤውን ዘረጋችለት። ዓይኑን አጨንቁሮ አየውና ገፋው።

«ይህ ጠብታ ብሌን ይከፍታል» አለች፣ ለሁሉም እንዲሰማ። «ለሰዓታት ብርሃን ያስጨንቃል፤ ሩቁ ቢታይም ቅርቡ ይደበዝዛል። ብሌንዎ አሁንም እንደ ሌሊት ድመት ተበልጥጧል። መነጽርም አያደርጉም። ታዲያ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ በምንዎ አነበቡት? አላነበቡትም። ዶክተር ትናንት ስለ ሕፃኑ ተቆጥተው የጻፉት ለእርስዎ ነው፤ ያኔ አንብበውታል። ዛሬ ይዘውት ሊለምኗቸው መጡ፤ እርሳቸው እምቢ ሲሉ መቷቸው። ከዚያ የመጨረሻዋን ፊደል በግምት ቀደው ደብዳቤውን በሲስተር አላከኩ። ግን በራስዎ አፍ ‹እንዳላይሽ› አሉ። ወንድምዎ ለሲስተር ቢጽፉ ‹እንዳላይዎት› ይሉ ነበር። ደፍረው አንቺ የሚሏቸው እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ማስረጃሽ የታለ?»

«ኪስህን ገልብጥ፣ አንተ!» አለች መርማሪዋ።

ፖሊሱ ገለበጠው። ጥፍር የምታህል ቁራጭ ወረቀት ወለሉ ላይ ወደቀች። ሰውየው ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳሰሰ፤ አላገኛትም። ሕፃኑ ከእናቱ ጭን ተንሸራቶ ወረደና በደህናው ዓይኑ አይቶ አነሳት።

እናቱ ተቀበለችው።

«ህ» ብላ አነበበች።